የጋሽ ተኽለ ጆሮ

ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ወር ሆነኝ። ያገኘኝ ሰው ሁሉ "እንግዲህ እረፊ!" ይለኛል። ዕረፍት መች ጠላሁ! ያስቸገረኝ ዝምታው ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ትራንስፎርመር ሲያንጎራጉርልኝ ኖሬ፣ አሁን ቤት ውስጥ የሚሰማኝ የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ሆነ። እሱም ቢሆን ድምፁ አላማረኝም፤ ኮምፕሬሰሩ ሊሞት ነው።

ደግነቱ ናይሮቢ ፓንጋኒ ሰፈር ያለው ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከበረንዳው ፊት ለፊት ምሰሶ ላይ አንድ ትራንስፎርመር ተሰቅሏል። ከሰዓት በኋላ ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ጋብ ሲሉ፣ የጃካራንዳው ዛፍ አበባውን ዝም ብሎ ሲያራግፍ፣ ወንበሬን አወጣና ዓይኔን ጨፍኜ እሰማዋለሁ። እምምም ይላል። ጠዋት ሰፈሩ በሙሉ ሻይ ሲያፈላ ድምፁ ይከብዳል፤ ረፋዱ ላይ ይቀለዋል። ጎረቤቴ አንድ ቀን እንዲህ ሆኜ ብታየኝ የምጸልይ መስሏት ኮቴዋን አጥፍታ አለፈች። ብዙም አልተሳሳተችም። በዚያ ድምፅ ውስጥ ሁልጊዜ የሚመጡብኝ አንድ ሰው አሉ። ልጆቼ "ስለ ሥራሽ ጻፊልን" እያሉ ሲነዘንዙኝ ከርመዋል፤ እኔ ደግሞ ከደመወዙና ከወረቀቱ ይልቅ ትዝ የሚለኝ የኚያ ሰው ጆሮ ነው።

ናይሮቢ የገባሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ አዲስ አበባ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ተመርቄ፣ በሞያሌ በኩል ነው። እንዴት እንደመጣሁ ሌላ ታሪክ ነውና ልለፈው። ኢስትሊ በሚባለው ሰፈር ያስጠጉኝ ሐጂ ኑሩ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። እናቴን አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ከነበረው ሱቃቸው ጨርቅ ስትገዛ ያውቋት ኖሮ፣ በዚያች ትውውቅ ብቻ ከሴት ልጆቻቸው ጋር አንድ ክፍል ሰጡኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከገበታቸው በላሁ። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ "ዘነቡ፣ ጃንጥላሽን አትርሺ" የሚሉኝ እሳቸው ነበሩ።

ሥራውንም ያገኙልኝ እሳቸው ናቸው። ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ላለ አንድ የትራንስፎርመር መጠገኛ የሥራ ቱታ ይሸጡ ነበር። አንድ ቀን ቱታ ሊያስረክቡ ሄደው፣ ባለቤቱን "ይቺ የኔ ልጅ ናት፤ እጇ ንጹሕ ነው፤ ልብሱን እኔ እችላታለሁ፣ ሙያውን እናንተ ስጧት" አሉት። እንዲህ ተብዬ ተለማማጅ ሆንኩ። የመጀመሪያ ቱታዬ ለሁለት ሰው የሚበቃ ነበር፤ ሐጂ በልክ ቢያስቆርጡልኝ ከዚያ ወዲያ የማልወፍር ሳይመስላቸው አልቀረም።

ጋሽ ተኽለን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። የአሥመራ ልጅ ናቸው፤ ጎልማሳነታቸውን አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ ሥራ አሳልፈው ከኔ ዓመታት ቀድመው ናይሮቢ የገቡ። አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው፣ "ጓለይ" ከምትለው በቀር። ልጄ ማለታቸው ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸውን በየቀኑ የሚላጩ ሰው ነበሩ። ኬንያውያኑ ሠራተኞች "ምዜ" ይሏቸዋል፤ ሽማግሌው ማለት ነው፣ ያኔ ገና ሃምሳ አምስት ቢሆናቸው ነው።

የትራንስፎርመር ሆዱ የመዳብ ሽቦ ጥምጥም ነው። ቀጭን ሽቦ፣ መዳቡ እንዳይነካካ በቀለም የተሸፈነ፣ በሺህ የሚቆጠር ዙር፣ አንዱ ካንዱ ጎን ተጠግቶ፣ ረድፍ በረድፍ፣ በየረድፉ መሃል ወረቀት። የሚጠመጠመው እንደ ልብስ ስፌት መኪና በእግር በሚረገጥ ማሽን ላይ ነው። እግርሽ ያዞራል፤ ግራ እጅሽ ሽቦውን በሁለት ጣት መሃል ይዞ ይወጥራል። ማሽኑ ዙር ይቆጥራል፤ ውጥረቱን ግን ከጣት በቀር የሚያውቀው የለም። ጋሽ ተኽለ መዳብ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን እንደ ቄስ ይታጠቡ ነበር፤ ላብ ጨው ነው፣ ጨው ደግሞ ውሎ አድሮ ይበላል ይላሉ። ጠምጣሚ ክፍል ውስጥ በዘይት የተጠበሰ ማንዳዚ ይዞ የገባ ሰው ወዮለት!

አንድ ሕግ ነበራቸው። ሽቦ እጁ ላይ ያለ ሰው አይነሳም። "ጳጳስ ቢገባ፣ አባትሽ ከመቃብር ተነስቶ ቢመጣ፣ አትነሺም።" ግድ ከሆነ ደግሞ መንገድ አለው፤ ሽቦውን በእንጨት መቆንጠጫ ታስሪያለሽ፣ ቦታው ላይ ቀይ ክር ትቋጥሪያለሽ፣ ተመልሰሽ ትናገሪያለሽ። እሳቸው ይመጡና ጥቂት መቶ ዙር ወደ ኋላ አስፈትተው እንደገና ያስጠመጥሙሻል። የግማሽ ቀን ሥራ ነው እንጂ ነውር የለበትም። ቀይ ክር ባሰረ ሰው ላይ ተቆጥተው አያውቁም።

ሥራው አልቆ፣ ምድጃ ውስጥ ደርቆ፣ ታንኩ ውስጥ ገብቶ፣ ዘይቱ ተሞልቶ ኃይል ሲሰጠው፣ ኦቲኖ የሚባለው የፍተሻ ሠራተኛ መለኪያዎቹን ያነባል። ከዚያ የጋሽ ተኽለ ተራ ይመጣል። የተሰበረ መጥረጊያ እጀታ አላቸው፤ ደረቅ እንጨት። አንዱን ጫፍ ታንኩ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኛ ሁላችን እንቆማለን። ከግቢው ውጭ ያለው የናይሮቢ ጩኸት ሁሉ የራቀ ይመስለኝ ነበር። ፊታቸው ቀስ እያለ ሲፈታ፣ ሕልም ሲያዩ ያየኋቸው ያህል አፍራለሁ። ሲጨርሱ የጠመጠመውን ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቃሉ።

"ተነስተሽ ነበር?"

መልሱን ሰምተው ይፈርማሉ። በቃ። የሰው ቃል ለእሳቸው እንደ መለኪያ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ብቻዬን የምጠመጥመው የመጀመሪያ ሥራ ተሰጠኝ። በሞምባሳ መንገድ በኩል ላለ አንድ ትልቅ ዳቦ ቤት የሚሆን ትራንስፎርመር ነው። የመጠገኛችን ባለቤት ደግሞ "እስከ ዓርብ ያለ እንከን ካደረሰች ቋሚ ፉንዲ ትሆናለች፤ ካልሆነ ግን ከዚህ ወዲያ ተለማማጅ የምይዝበት አቅም የለኝም" ብሏል፤ ፉንዲ ማለት ባለሙያ ነው። ሦስት ቀን ጠመጠምኩ። ስተኛ እንኳ ጣቶቼ ይወጥሩ ነበር።

ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ከመጨረሻው በፊት ባለው ረድፍ፣ ሽቦው ወደ ላይኛው ጫፍ ሊደርስ ሲል፣ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ተኽለ ዘይት ክፍል ነበሩ። ቀና ብል ሐጂ ኑሩ ቆመዋል። ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ቱታ በክንዳቸው ታቅፈው፣ ዓይናቸው በኩራት ሞልቶ።

ተነሳሁ።

አስቤ አይደለም። ሽማግሌ ሲገባ ቁጭ ብሎ መቅረት እኔ ባደግኩበት ቤት አልነበረም። ጭንቅላቴ ሳያውቅ ጉልበቴ ተነሳ፤ "ኖር!" አልኩ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ።

"ኧረ በአላህ! ተቀመጪ፣ ተቀመጪ ልጄ!" አሉ። በርጩማ ስቤ አስቀመጥኳቸው። ማሽኑን ዞረው አዩት። "አጃኢብ ነው! እኔ የሚጠቀለል ነገር ጨርቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር" አሉና ሳቁ። አሥር ደቂቃ ያህል ተጫውተው፣ "በርቺ" ብለው ሄዱ።

ስመለስ ሽቦው ላልቶ ነበር። ጫፍ ላይ ያሉት አራት አምስት ዙሮች ተንሸራተው አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቷል። ቀዩ ክር ኪሴ ውስጥ ነበር። ነካሁት፤ እውነት እላችኋለሁ፣ በጣቴ ነካሁት። ከዚያ ዓርብን አሰብኩ። ዙሮቹን በጥፍሬ ገፍቼ ወደ ቦታቸው መለስኩ፣ ሽቦውን ወጠርኩ፣ ወረቀቱን አለበስኩበትና ቀጠልኩ። ከላይ ሲያዩት ምንም አይልም።

ዓርብ ዕለት ኦቲኖ መለኪያዎቹን አንብቦ "ኢኮ ሳዋ፣ ምዜ" አለ፤ ሁሉም ደህና ነው ማለቱ ነው። ጋሽ ተኽለ እጀታቸውን ታንኩ ላይ አደረጉ። ዓይናቸው ተጨፈነ። ፊታቸው ግን አልተፈታም። እንጨቱን ወደ ላይ ወሰዱት፣ መለሱት፣ እንደገና ወሰዱት።

"ከላይ በኩል የሆነ ነገር ያንሾካሹካል" አሉ።

ኦቲኖ እንደገና ለካ። ምንም የለም። ጋሽ ተኽለ ወደኔ ዞሩ።

"ጓለይ፣ ተነስተሽ ነበር?"

"አልተነሳሁም" አልኩ።

አዩኝ። ለረጅም ጊዜ ነው ያዩኝ፤ ግን በጥርጣሬ አይደለም። ያ ነው ዛሬም የሚያንገበግበኝ። እንደ ሁልጊዜው ቃሌን ተቀበሉ። ከዚያ እንጨቱን ከጆሯቸው አወረዱና፣ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርገው "እንግዲያው ያረጀሁት እኔ ነኝ" አሉ። ፈረሙ።

ቋሚ ሆንኩ። ሐጂ ቤት በግ ታረደ። እኔ ግን ድርሻዬን ለልጆቻቸው አሳለፍኩ። ጠዋት ጠዋት ማታቱው በዳቦ ቤቱ በር ሲያልፍ የትኩስ ዳቦ ሽታ በመስኮት ይገባል፤ ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን ያቀናል፣ እኔ መስኮቴን እዘጋለሁ። አንዴ የላላ ሽቦ ዕለት ዕለት እየተንቀጠቀጠ ሲፋተግ ቀለሙ ተፍቆ ምን እንደሚያመጣ ተምሬያለሁ። አንድ ቀን ይነካካል፣ ይቃጠላል፣ ዘይቱም ይነድዳል። እዚያ ግቢ ውስጥ ስንት ሰው አለ!

ግን ከዚያም በላይ ያሳመመኝ የጋሽ ተኽለ ነገር ነው። ዓይናቸውን መጨፈን ተዉ። እንጨቱን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን አፍጥጠው ኦቲኖን ያዩታል። "አንተስ፣ ትሰማለህ?" ይሉታል። ኦቲኖ ደግ ሰው ስለሆነ ይጨነቃል። ጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ምንም የለም ተባሉ። ሞቅ ያለ ዘይት እያንቆረቆሩ ጥጥ ወትፈው መምጣት ጀመሩ። አንድ ትራንስፎርመር አልቆ፣ ተፈትሾ፣ ባለንብረቱ መኪና ልኮ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይፈርሙለት ቆመ። ባለቤቱ ቢጠይቃቸው እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦

"በወሩ መጨረሻ ልሰናበት። ጆሮዬ የሌለ ነገር መስማት ጀምሯል። የደነቆረስ ይሻል ነበር፤ እሱ ቢያንስ ዝም ይላል።"

ያን ዕለት ከሰዓት እጀታውን የዘይት ክፍሉን በር ሊደግፉበት መሬት ላይ አጋድመውት አየሁ። ሰው ሲቀበር ያየሁ ያህል ነው የሆንኩት።

ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ለአንዲት ደንበኛ ጨርቅ እየለኩ ነበር። ከአንዱ ጣቃ ጀርባ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ እንባዬ እየወረደ። እሳቸው ሲገቡ መነሳቴን ጭምር። ሜትራቸውን አስቀመጡ።

"ለእኔ ብለሽ ነው የተነሳሽው?" አሉ።

"አዎ፣ ሐጂ።"

 ደንበኛዋ ሴትዮ እስክትሄድ ጠበቁ። "ልጄ፣ እኔን አክብረሽ እሳቸውን ጣልሻቸው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ክብር እኔ አልፈልግም። ነገ ሂጂና ለእሳቸውም ተነሺ።"

ሐሙስ ጠዋት፣ ገና ቱታዬን ሳልለብስ፣ ጋሽ ተኽለ ፊት ቆምኩ። ያ ሦስት ቀን የቆመው ትራንስፎርመር አጠገባቸው ያንጎራጉራል።

"ተነስቼ ነበር" አልኩ።

"ምን?"

"የዳቦ ቤቱን ስጠመጥም። ተነስቼ ነበር። ዋሸሁዎት።"

ጥጡን ከጆሯቸው አወጡ። የሚቆጡ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሳቸው ግን ቀስ ብለው፣ ፈራ ተባ እያሉ ጠየቁ።

"ከላይ በኩል ነው?"

"ከላይ ነው፣ ጋሽ ተኽለ። ጫፉ ላይ።"

የዘይት በርሜሉ ላይ ቁጭ አሉ። "ከላይ" አሉ ለራሳቸው። "ከላይ። ብያለሁ እኮ! ከላይ ብያለሁ!" ከዚያ ሳቁ፤ ሳቃቸው እየቆየ ወደ ልቅሶ ሄደ፣ ተመለሰ። ከዚያ ነው ቁጣው የመጣው። "ሁለት ወር! ሁለት ወር ሙሉ ጆሮዬን እንደ ሰላጣ በዘይት ስታሳሺኝ! ሚስቴ ስትጠራኝ እንኳ እውነት ይሁን ውሸት እየተጠራጠርኩ! አንቺ ልጅ፣ ምን በድዬሽ ነው?"  ኦቲኖ በሩ ላይ ቆሞ ካንዳችን ወደ ሌላችን ያያል።

ተነሱና ከዘይት ክፍሉ በር ሥር እጀታውን አነሱ። በቱታቸው ጠረጉት። ሦስት ቀን ወደቆመው ትራንስፎርመር ሄደው ጆሯቸውን አስጠጉ፣ ዓይናቸውንም ጨፈኑ። እንዲያ ሆነው ምን ያህል እንደቆሙ አላውቅም፤ የኔ ዓይን ውሃ ሞልቶት ፋብሪካው በሙሉ የሚንሳፈፍ ይመስል ነበር። ሲጨርሱ ኦቲኖን አልጠየቁትም። "ይሄ ደህና ነው፤ ይውሰዱት" ብለው ፈረሙ።

የዳቦ ቤቱን በእሑድ ቀን አስወርደን ተለዋጭ ተከልንላቸው። የመጠገኛው ባለቤት ከቋሚነት አውርዶ አንድ ዓመት ተለማማጅ አደረገኝ፤ ወጪውም ከኪሱ ስለሆነ ያባርረኝ ነበር፣ ጋሽ ተኽለ ባይለምኑት። "እጅሽን ታጠቢ" አሉኝ፤ ጥምጥሙን ራሴ ፈታሁት። ጫፉ ላይ ስንደርስ ጣቴን ይዘው አንድ ቦታ ላይ አስቀመጡት። ቀለሙ አልቆ መዳቡ ይታያል፤ ወረቀቱ ጠቁሯል። "ይኸውልሽ፣ ያንሾካሸከው ይሄ ነው። ትንሽ ቢቆይ ይጮህ ነበር" አሉ። ያን ቦታ ጣቴ ዛሬም ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላም ይጠይቁኝ ነበር። ቃሌን መጠየቅ አለመተዋቸው ከቅጣቱ ሁሉ ይከብደኝ ነበር። "ተነስተሽ ነበር?" እኔም ሳስነጥስ ጣቴ ቢላላ እንኳ ቀይ ክር አስር ጀመር። አንድ ጊዜ አንድ ጥምጥም ላይ ዘጠኝ ቀይ ክር ቆጥረው "ጓለይ፣ ይሄ የልደት በዓል ነው እንዴ?" አሉኝ።

ዓመታቱ አለፉ። ከጠምጣሚነት ወደ ፍተሻ፣ ከፍተሻ ወደ ውጭ ሥራ ዞርኩ። ዌስትላንድስ ሰፈር ባሉ ሕንፃዎች ሥር፣ ከላይ ሰው ሲጨፍር እኔ ከታች ምድር ቤት ጆሮዬን ብረት ላይ አድርጌ ስንት ቀን ዋልኩ! ሩንዳ ሰፈር ውስጥ አንድ ትራንስፎርመር ነበር፣ ሙቀቱን ወዳ አንዲት ግራጫ ድመት አጥሩ ሥር የምትተኛበት፤ ሁለታችን እኩል ዓይናችንን ጨፍነን እንሰማው ነበር። አለቆች ተቀያየሩ፤ አንዳንዱ በመለኪያ ብቻ ያምናል፣ አንዳንዱ በፊርማ ብቻ። አሁን ደግሞ በስልክ የሚያዳምጥ መሣሪያ መጥቷል፤ ጎበዝ ነው፣ አልክድም። ግን ማንንም "ተነስተሽ ነበር?" ብሎ አይጠይቅም።

ጋሽ ተኽለ ጡረታ የወጡት ከሰባ ዓመታቸው በኋላ ነው። ያኔ የጠምጣሚ ክፍሉ ኃላፊ ሆኜ ተመልሼ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ይመስለኛል፣ አንድ ረፋድ ራሴ ማሽኑ ላይ ተቀምጬ አስቸጋሪ ሥራ እጠመጥማለሁ። ሽቦው ከፀጉር ይቀጥናል፤ ረድፉ ወደ ላይኛው ጫፍ ሊደርስ ነው። በሩ ተከፈተ። በጥላው አወቅኋቸው። ከዘራ ይዘዋል፤ ቀጭኑ ሰውነታቸው ጎብጧል፤ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ከቤት የወጡት፣ ሁለት ማታቱ የቀያየሩት፣ ያን ክፍል አንድ ጊዜ ለማየት እንደሆነ ገባኝ።

ጉልበቴ ሊነሳ ፈለገ። ይህን ሰው አይቶ የማይነሳ ጉልበት ከየት ይመጣል? ዓይኔ ሞላ። እጄ ግን ሽቦው ላይ ነበር። እግሬን ከመርገጫው አላነሳሁም። ቀና አላልኩም፤ አፌንም አልከፈትኩም። ዙር፣ ሌላ ዙር፣ ሌላ ዙር።

በሩ ላይ ቆመው ጠበቁ። አንዲት ልጅ ወንበር ልታመጣላቸው ስትሮጥ በከዘራቸው ምልክት ሰጥተው አስቆሟት። ክፍሉ ውስጥ የማሽኑ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ከጀርባዬ፣ በዚያ ጥርት ባለ አማርኛቸው፣ ኖር ያልኳቸው ያህል፣ ቀስ ብለው መለሱልኝ።

"በእግዜር፣ ጓለይ።"